«ሰው ምን ይላል?» — የ1937ቱ የህንድ ፊልምና የእኛ ቤት



በየቤታችን አንዲት አጭር ጥያቄ አለች። ልጅ ሲዳር፣ ትዳር ሲናጋ፣ ባል የሞተባት ሴት ዳግም ላግባ ስትል፣ ይህች ጥያቄ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ገብታ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ትቀመጣለች። «ሰው ምን ይላል?» ትላለች። ይህ «ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ነገ ልጃችን ስታለቅስ መጥቶ እንባዋን ይጠርግላት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። ስሙ ሲጠራ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ዛሬ ስለ አንድ የድሮ የህንድ ፊልም ላጫውታችሁ የተነሣሁት በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው። ፊልሙ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1937 የተሠራ ሲሆን ስሙ «ዱንያ ና ማኔ» ይባላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያዋን ቃል ለእናንተ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ እኛም የምንጠራት ያችው «ዱንያ» ናት። ከዐረብኛ ተነሥታ ወደ ህንድም ወደ እኛም ዘልቃለች። የርእሱ ትርጉም «ዱንያ አይቀበለውም» እንደማለት ነው። በእኛ አነጋገር እንመልሰው ብንል ከ«ሰው ምን ይላል?» የተሻለ አናገኝለትም።

የህንድ ፊልም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ በየሳሎኑ፣ ቋንቋውን ሳንሰማ አብረን ያለቀስንበት ጊዜ አለ። ይህን ስል ፊልም ሁሉ ለቤተሰብ ይበጃል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ጊዜን የሚያባክን፣ ከዚያም አልፎ ሐያእን የሚያሳጣ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። ይሁን እንጂ ከዘፈኑና ከዳንሱ ክምር መካከል አልፎ አልፎ አንድ የቤተሰብን ቁስል በእውነት የነካ ሥራ ይገኛል። ይህ ፊልም ከእነዚያ አንዱ ነው።

ታሪኩ

ኒርማላ እናትና አባት የሌላት ወጣት ናት። ያሳደጓት አጎቷና የአጎቷ ሚስት ናቸው። ለጋብቻ በደረሰች ጊዜ አጎቷ በማታለል ይድራታል። የቀረበላት ባል ካካሳሄብ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆን የሚችል ጠበቃ ነው። ሰውየው በእሷ ዕድሜ የሚገኙ ወንድና ሴት ልጆች አሉት። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሲሆንላት ጊዜው አልፏል፤ ሥርዐቱ ተፈጽሟል፤ የባለትዳር ሴት ምልክት የሆነው ቀይ ነጥብ በግንባሯ ላይ ተቀብቷል። ፊልሙ በህንዲ ብቻ ሳይሆን በማራቲ ቋንቋም የተሠራ ሲሆን የማራቲው ርእስ «ኩንኩ» ነው፤ ይህም የዚያው ቀይ ምልክት ስም ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ በፊልም ስትቀርብ ምን እንደምታደርግ እንገምታለን። ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ራሷን ከወንዝ ትጥላለች፣ ወይ እያለቀሰች ትቀበላለች። ኒርማላ ከሦስቱ አንዱንም አታደርግም። ከቤቱ አትወጣም፤ ነገር ግን ሚስት አልሆንም ትላለች። መከራን መሸከም እንደሚቻል፣ ግፍን ተቀብሎ መኖር ግን እንደማይገባ ትናገራለች። በዚህ አቋሟ ላይ እንደቆመች ቀናት ይቆጠራሉ።

በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ይመጡባታል። የቤቱ ባልቴት ልማድን እንደ ዘበኛ ትጠብቃለች። የባልየው ወንድ ልጅ የእንጀራ እናቱን በክፉ ዓይን ያያታል፤ እሷም በዱላ ትመልስለታለች። ማኅበራዊ ለውጥ ለማምጣት የምትሠራው የባልየው ሴት ልጅ ስትመጣ ግን ለኒርማላ የመጀመሪያዋ ሚዛናዊ ሰው ትሆናለች። ይህችን ሴት ሆና የተጫወተችው ሻኩንታላ ፓራንጅፔ በእውነተኛው ሕይወቷም በሴቶችና በቤተሰብ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የደከመች፣ ኋላም የህንድ የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆነች ሴት ነበረች።

መጨረሻው ያሳዝናል። ካካሳሄብ ቀስ በቀስ የሠራውን ሥራ ያያል። ይጸጸታል። ልጅቷን ከዚህ ጋብቻ ሊፈታት፣ እንደ ልጁም ሊያያት ይፈልጋል። ሆኖም ዱንያ ይህን አይቀበልም። በመጨረሻ ለዕድሜዋ የሚስማማ ባል እንድታገባ የሚመክር ደብዳቤ ትቶላት የገዛ ሕይወቱን ያጠፋል።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም

ፊልሙን የሠራው ቪ. ሻንታራም (1901–1990) የሚባለው ዳይሬክተር ነው። የሠራበትም ድርጅት በ1929 በኮልሃፑር ተመሥርቶ በ1933 ወደ ፑኔ ከተማ የተዛወረው ፕራብሃት የፊልም ኩባንያ ነበር። ታሪኩ የተወሰደው ከናራያን ሃሪ አፕቴ የማራቲ ልብ ወለድ ነው። ህንድ የመጀመሪያውን ድምፅ ያለው ፊልም የሠራችው በ1931 በመሆኑ፣ ይህ ሥራ ሲወጣ የህንድ ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ድምፅ አዲስ ነገር በነበረበት በዚያ ዘመን ሻንታራም ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ከትዕይንቱ ጀርባ የሚነፋና የሚመታ ሙዚቃን አስቀረ። የሚሰማው የቤቱ ድምፅ ነው። የግድግዳው ሰዓት ይመታል፤ እግር ይራመዳል፤ በር ይዘጋል። ከዘፈኖቹም መካከል ኒርማላ በሸክላ ማጫወቻ ታጅባ የምታዜመው ይገኛል።

ለምን ይመስላችኋል? ሙዚቃ ለተመልካች መቼ እንደሚያለቅስ፣ ማንን እንደሚጠላ ይነግረዋል። ሙዚቃው ሲቀር ፍርዱ ለተመልካቹ ይተዋል። ሰው በማይነጋገርበት ቤት ውስጥ የሰዓት ድምፅ እንዴት እንደሚጎላ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያ ሰዓት የሽማግሌውን ዕድሜም ይቆጥራል፤ የልጅቷንም ወጣትነት ይቆጥራል።

ካካሳሄብን ሆኖ የተጫወተው ኬሻቭራው ዳቴ ነው። ሰውየውን ጭራቅ አድርጎ ቢያቀርበው ቀላል ነበር፤ እኛም ጠልተነው፣ ተገላግለን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ዳቴ ግን ይህን ዕረፍት ይነፍገናል። ካካሳሄብ የተማረ ሰው ነው። ሕግ ያውቃል። ልጆቹን ይወዳል። ጨካኝ አይደለም፤ የሚያሳዝን እንጂ። በተሰበረ መስተዋት ስብርባሪዎች ውስጥ የገዛ ፊቱ ተባዝቶ ሲታይ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ያንኑ ሽማግሌ ሲመልስለት፣ ተመልካች በእሱ ላይ ሊስቅ ይጀምርና ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

የፊልሙ ትልቁ እውነትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግፍ በቤተሰብ ውስጥ የሚኖረው ክፉ ሰዎች ስላሉ ብቻ አይደለም። ደግ ሰዎች ሁሉ የየድርሻቸውን «ግዴታ» ስለሚወጡ ነው። አጎት ልጅቷን መዳር ግዴታው ነው። ባልቴቷ የቤቱን ክብር መጠበቅ ግዴታዋ ነው። ዘመድ ሠርግ መጥቶ መብላትና መመረቅ ግዴታው ነው። ሁሉም ግዴታውን ሲወጣ አንዲት ልጅ ትጠፋለች። ማን አጠፋት ቢባል ግን ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው አይገኝም። «ዱንያ» የሚባለው ይኸው ነው።

ሽማግሌው ሙሽራ ከየት መጣ?

በፊልሙ ላይ የተሰነዘረ አንድ ቀላል ትችት አለ፤ «አንድ ስግብግብ አጎትና አንድ ሽማግሌ ስላጋጠሙ የተፈጠረ ጉዳይ ነው» የሚል። ይህ ትክክል አይደለም። ነገሩ አጋጣሚ ሳይሆን የልማድ ስሌት ነበር።

አስቡት። በዚያ ዘመን በከፍተኛ መደብ የህንዱ ቤተሰቦች ዘንድ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ዳግም አታገባም ነበር። ወንዱ ግን ሚስቱ ከሞተች ሌላ ማግባት ይችላል። እንግዲህ ዕድሜው ሃምሳ የሆነ ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ማንን ያገባል? እኩያው የሆነችውን ባል የሞተባትን ሴት ልማዱ ይከለክለዋል። በሠላሳ ዓመቷ ያላገባች ሴት ደግሞ በአካባቢው የለችም። የሚቀርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ። ሁለት ክልከላዎች ተደምረው ሦስተኛውን ግፍ ወለዱ።

መንግሥት ሕግ አላወጣም ነበር ማለት አይደለም። ባል የሞተባት የህንዱ ሴት ዳግም እንድታገባ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1856 ነው። የልጅነት ጋብቻን የሚገድበው ሕግ በ1929 ወጥቶ ለሴት 14፣ ለወንድ 18 ዓመትን ዝቅተኛ ዕድሜ አድርጎ ደንግጓል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ዕድሜዋ የደረሰችን ወጣት እንዳያገባ የሚከለክል ነገር አልነበረም። ለመጀመሪያው ሕግ ደግሞ ሰማንያ ዓመት እንኳ አልበቃውም፤ ወረቀቱ ፈቅዶ ሰፈሩ ከለከለ።

ፑኔ ራሷ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተከራከረች ከተማ ነበረች። ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ የተባለው መምህር በ1893 ባል የሞተባትን ሴት አግብቶ ከዘመዶቹ ብዙ መገለል ደርሶበታል። በ1896 ባል ለሞተባቸው ሴቶች መጠለያ፣ በ1916 ደግሞ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ መሥርቷል። በማራቲ ትያትርም ጎቪንድ ባላል ዴቫል «ሻራዳ» የሚለውን፣ ሽማግሌ ወጣት ልጅ ሊያገባ ስለመነሣቱ የሚናገረውን ድርሰት ለመድረክ ያቀረበው በ1899 ነው። ስለዚህ ሻንታራም አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲነገር የቆየውንና የተማረው ሰው ሁሉ በቃል የተቀበለውን ነገር ወስዶ፣ በተማረ ሰው ቤት ውስጥ አስቀመጠው። ካካሳሄብ ጠበቃ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ለውጥ በአደባባይ የሚናገር ሰው በገዛ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ ፊልሙ አሳየን።

ለምን መሞት ነበረበት?

ብዙ ተመልካቾች የፊልሙን መጨረሻ «የህንድ ፊልም እንባ» ብለው ያልፉታል። «ለምን አይፈታትም ነበር?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ከፊልሙ ውጭ ነው የሚገኘው።

በ1937 ከአንዳንድ ማኅበረሰቦች ልማድና ከጥቂት አካባቢዎች ደንብ በስተቀር የህንዱ ጋብቻ በፍቺ የሚፈርስ ነገር አልነበረም። ቅዱስና የማይፈታ ማሰሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፑኔ በምትገኝበት በቦምቤይ ግዛት ለህንዱዎች የፍቺ ሕግ የወጣው በ1947 ነው። በመላው ህንድ ደግሞ በ1955። አሁን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ባል የሞተባት ሴት እንድታገባ ሕጉ ከ1856 ጀምሮ ፈቅዷል። ባል ያላት ሴት እንድትፈታ ግን አልፈቀደም። እንግዲህ ካካሳሄብ ጠበቃ ነው፤ ይህን ያውቃል። ልጅቷን ነጻ የሚያወጣት አንድ በር ብቻ ነበር፤ ያም የእሱ ሞት ነው። ሻንታራም እንባ ለማስፈሰስ ብሎ አልገደለውም። ልማዱ ሌላውን በር ሁሉ ቆልፎበታል።

ይህ ሆኖ ሳለ በመጨረሻው ላይ ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። አንደኛው እምነታችን የሚነግረን ነው። ነፍስ የአላህ አደራ ናት፤ ሰው የራሱን ሕይወት ሊያጠፋ አይፈቀድለትም፤ ለደግ ዓላማ ቢሆንም። ይህን ፊልም ከልጆቹ ጋር የሚያይ ወላጅ ይህን ክፍል በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ሁለተኛው ቅሬታ የፊልሙ የራሱ ነው። ለሁለት ሰዓት ያህል «አልሆንም» ብላ የቆመችው ኒርማላ ናት። በመጨረሻ ግን ክብሩን ሁሉ የሚወስደው ሰውየው ነው። ነጻነቷ ከአንድ ወንድ በደብዳቤ የተላከ ስጦታ ሆኖ ይደርሳታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሆን ሳናይ ትዕይንቱ ይዘጋል። የተሸከመችውን ያየን ተመልካቾች የምትመርጠውን ልናይ ይገባን ነበር።

በመዲና ያለቀሰው ሰው

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ባልና ሚስት ልጥቀስላችሁ። ታሪካቸው በሶሒሕ ሐዲስ የተዘገበ በመሆኑ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነጻ አወጣቻት። ነጻ ስትወጣ ባሪያ ከነበረው ባሏ ከሙጊስ ጋር መቆየት ወይም መለየት ምርጫዋ ሆነ። መለየትን መረጠች። ሙጊስ ግን ይወዳት ነበር። በመዲና መንገዶች ላይ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይከተላት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዝነውለት ወደ እሱ እንድትመለስ አነጋገሯት። እሷም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ማማለድ ብቻ መሆኑን ነገሯት። በዚህ ጊዜ እንደማትፈልገው ተናገረች። ነገሩም በዚያው አበቃ።

ውድ አንባቢያን፣ ቆም ብለን እናስተውል። አማላጁ ማን ነበሩ? የተማለደላትስ ማን ነበረች? ትናንት ባሪያ የነበረች፣ ዘመድ ወገን የሌላት ሴት። አንዲት «አልፈልግም» የምትል ቃል ተናገረች፤ ያችም ቃል ተከበረች። «ሰው ምን ይላል?» ያላት አልነበረም። ሙጊስ አለቀሰ፤ ማልቀሱም አላስነወረውም። ነገር ግን ኒርማላ ነጻ እንድትወጣ ካካሳሄብ መሞት ነበረበት፤ በሪራ ነጻ እንድትወጣ ግን ማንም መሞት አላስፈለገውም። የሴት «አይሆንም» ማለት የሚሰማበት ቤት ሴቲቱን ብቻ ሳይሆን ወንዱንም ያድናል። ፊልሙ ሊናገረው ፈልጎ ሊናገረው ያልቻለው ነገር ይህ ይመስለኛል።

መጽሐፉ አለን፤ ቤቱስ?

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ ደስ ብሏችሁ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህ የእነሱ ችግር ነው፤ እኛ ዘንድ ኹልዕ አለ፣ ፍቺ አለ፣ ባል የሞተባት ዒዳዋን ጨርሳ ታገባለች» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን አትቸኩሉ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ህንድ፣ የሙስሊም ሴቶች ሁኔታ ምን ይመስል ነበር? ብዙው የህንድ ሙስሊም የሐነፊይ መዝሀብ ተከታይ ነበር። በአካባቢው ይሠራበት በነበረው ፍርድ መሠረት ባሏ ጠፍቶ የቀረባት፣ ቀለብ የከለከላት ወይም የሚበድላት ሴት ከዳኛ ዘንድ መፍትሔ ማግኘት እጅግ ይከብዳት ነበር። ከዚህ የተነሣ ጋብቻቸው እንዲፈርስላቸው ሲሉ ብቻ ከኢስላም ወጣን የሚሉ ሴቶች ተገኙ። ይህን ስታነቡ ልባችሁ አይደነግጥም? ዲኑ የሰጣትን በር ሰዎች ስለዘጉባት ከዲኑ በር ወጣች! ዓሊሞች ደነገጡ። ታላቁ የህንድ ዓሊም አሽረፍ ዐሊ ታነዊ በዚህ ጉዳይ ኪታብ ጽፈው፣ በችግር ጊዜ በማሊኪይ መዝሀብ ፍርድ መሥራት እንደሚቻል አስረዱ። በ1939፣ ማለት ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሙስሊም ጋብቻ ስለሚፈርስበት ሁኔታ ሕግ ወጣ። ባል አራት ዓመት ደብዛው ከጠፋ፣ ሁለት ዓመት ቀለብ ካልሰጠ፣ ጨካኝ ከሆነ፣ ሴቲቱ ለፍርድ ቤት እንድታመለክት ተፈቀደላት። አባቷ ወይም ሌላ ወሊይ ከ15 ዓመቷ በፊት የዳራት ልጅም ከባሏ ጋር ካልኖረች 18 ዓመት ሳይሞላት ጋብቻውን ማስቀረት እንድትችል ሆነ።

ስለዚህ መጽሐፉ በእጃችን መኖሩ ብቻውን አልበቃም ነበር። ቤቱ መጽሐፉን መስማት ነበረበት።

ስለ ፈቃድ እንነጋገር። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የተባለችው አንሷሪያ፣ ቀደም ሲል አግብታ የነበረች ሴት ስትሆን፣ አባቷ ሳትወድ ዳራት፤ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርባ ስትናገር ጋብቻውን አፈረሱት። አግብታ የማታውቅ ልጅን በተመለከተ የፊቅህ ሊቃውንት ስለ አባት ሥልጣን የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ይህን ለዓሊሞቻችን እተዋለሁ። ነገር ግን እሷም እንድትጠየቅ መታዘዙን፣ ዐይነ አፋር ስለሆነች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ እንደሚቆጠር ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ይህችን «ዝምታ» ምን አደረግናት? ዝምታ መልስ የሚሆነው ጥያቄ ሲቀድመው ነው። ያልተጠየቀ ሰው ዝምታ መልስ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ፣ ቀኑ ከተቆረጠ፣ ልብሱ ከተገዛ፣ ዘመድ ከተጠራ በኋላ እናት ወደ ጓዳ ገብታ «እሺ በይ» ስትላት የምታሳየው ዝምታ ፈቃድ ነውን? ለዐይነ አፋርነቷ ክብር ተብሎ የተሰጠ ማቅለያ አፏን ማፈኛ ሲሆን ዝም ብለን እናያለንን? ኒርማላም በሠርጓ ዕለት ጥያቄ አልቀረበላትም። በግንባሯ ላይ ምልክት ተደረገላት እንጂ።

የራስን ቤት መውቀስ

ሻንታራምን የማከብርበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ይህ ሰው የራሱን ሰዎች ነው የወቀሰው። በአገሩ የነበሩ ሌሎች ሃይማኖቶችን እየጠቆመ «እነሱ ሴቶቻቸውን እንዲህ ያደርጋሉ» ማለት ይቀለው ነበር፤ ብዙ ሰው ያጨበጭብለት ነበር። እሱ ግን የገዛ ማኅበረሰቡን በር ከፍቶ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1941 የሠራው «ፓዶሲ»፣ ማለትም «ጎረቤት» የሚለው ፊልም ደግሞ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ አንድ ሙስሊምና አንድ ህንዱ ወዳጆች ነበር። በዚያ ፊልም የሙስሊሙን ሰው ህንዱ ተዋናይ፣ የህንዱውን ሰው ሙስሊም ተዋናይ እንዲጫወቱት አድርጓል። ሌላውን ከመውቀስ በፊት በእሱ ቦታ መቆምን መማር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ይህን ፊልም አይተን «ህንዱዎች እንዲህ ነበሩ» ብለን ብንነሣ ከፊልሙ አንዳች አልተማርንም ማለት ነው። ለራሱ ቤት የተናገረን ሰው የምናከብረው የራሳችንን ቤት በመፈተሽ ነው።

እናም የሚከተለውን ልለምናችሁ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለቻችሁ ወላጆች፣ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ ልጃችሁን ለብቻዋ አስቀምጣችሁ ጠይቋት። ስትጠይቋትም «አይሆንም» ብትል ምንም እንደማይደርስባት አረጋግጡላት፤ «አይሆንም» ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ጥያቄ አይደለምና። ወንዶች ልጆች ያሏችሁም፣ ሙጊስን አስተምሯቸው፤ አንድ ወንድ አልፈልግህም ተብሎ፣ አልቅሶም፣ ሰው ሆኖ ሊኖር እንደሚችል። በየመድረኩ ስለ ሴቶች መብት በኢስላም የምንናገር ሰዎች ደግሞ፣ ከሁሉም በፊት ካካሳሄብን እናስታውስ። እሱም በአደባባይ የሚናገረው ሌላ፣ በቤቱ የሚሠራው ሌላ ሆኖበት ነው በመስተዋቱ ስብርባሪ ፊት የቆመው።

«ሰው ምን ይላል?» የምትለው ጥያቄ ነገም ትመጣለች። እንግዳ ናትና ከበር አትመለስም ይሆናል። ነገር ግን ከፍ ካለው ቦታ አናስቀምጣት። ከእሷ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ «አላህ ምን ይላል?» እና «ልጄስ ምን ትላለች?»። እነዚህን ሁለቱን ጠይቀን መልሳቸውን የሰማን ዕለት፣ ዱንያ ተቀበለችም አልተቀበለችም፣ ቤታችን በሰላም ያድራል ኢንሻ አላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።